ምስልና አርአያ

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የአባቶች አነጋገር ስለ ሰው ስም የተነገረ ይሁን እንጂ፥ ስለ ዕቃም ስም ቢታሰብ ከቁም ነገር የራቀ አይሆንም። አንድ አዲስ ዕቃ ወደ አንድ አገር ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ ስሙን አስከትሎ ይገባል። ስሙም ከሌላ ሕዝብ አሳብና ልማድ የተቀዳ ስለሆነ፥ ዕቃውን የተቀበለው ሕዝብ ሳይታወቀው አሳቡንም አብሮ ይቀበላል። ዕቃው ያረጃል፥ ይሰበራል፥ በሌላም ይለወጣል፤ ስሙ ግን በቋንቋው ውስጥ ሥር ሰድዶ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቃል ከወዴት እንደ መጣና ምን ትርጓሜ ይዞ እንደ ኖረ መመርመር የሊቃውንት ሥራ ብቻ ሳይሆን፥ በቋንቋው ለሚነግድ፥ ለሚያስተምርና ለሚያስተዳድር ሁሉ የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ መንገደኛ፥ ዛሬ ከአማን ጋራ ተዋሕዳ ሚዛን አማን ወደምትባለው ወደ ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል። አገሩ የቡና አገር ነው። በበቃና ቴፒ የሚባሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች፥ የሸካና የከፋ ደኖች፥ ከጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅለው የገበሬው ቡና፥ ኮረሪማውና እርዱ፥ ጎደሬውና እንሰቱ በዚያ ይገኛሉ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ገንዘብ ወደ ገበሬው እጅ ስለሚገባ ገበያው ይደምቃል፤ ልብስ ሻጩም በዚያ ጊዜ ዕቃውን አሳምሮ ይዘረጋል። በሱቆቹም ደጃፍ ከፕላስቲክ የተሠሩ፥ የሰው ቁመትና ቅርጽ ያላቸው፥ አዲስ ልብስ የለበሱ ምስሎች ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ፊትና ጠጕር ተሠርቶላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከአንገታቸው በላይ ምንም የላቸውም።

ይህ ዕቃ ስሙ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ አይሆንም። አንዱ አሻንጉሊት ይለዋል፤ ሁለተኛው ሞዴል ይለዋል፤ ከተማ የቈየ ነጋዴ ደግሞ ማኒኪን ይለዋል። ሦስቱ ስሞች አንዱን ዕቃ ያመለክታሉ እንጂ አንድ አሳብ አያመለክቱም። የመጀመሪያው ጨዋታን፥ ሁለተኛው መለኪያን፥ ሦስተኛው ትንሽ ሰውን ያስባል። ከዚህም ሌላ በአገራችን ቋንቋ ለሰው ቅርጽ የተሰጡ የቈዩ ስሞች አሉ፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፍርድ አላቸው። ነገሩ እንዲገለጥ ከቈዩት መጀመር ይሻላል።

ከሁሉ የሰፋው «ምስል» የሚለው ቃል ነው። ሥሩ «መሰለ» የሚለው ግሥ ሲሆን፥ ከዚሁ ሥር ምሳሌ፥ አምሳልና ተመሳሳይ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ምስል ማለት እንግዲህ ነገሩን ራሱን ሳይሆን ነገሩን የሚመስለውን ማለት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሥር «አስመሳይ» የሚለውም ቃል ወጥቷል፤ አስመሳይም ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው ነው። ቋንቋው በአንድ ሥር ውስጥ ሁለቱን፥ ማለትም የመምሰልን ጥቅምና የመምሰልን አደጋ፥ አኑሮ ማቈየቱ ያስደንቃል። ልጅ አባቱን ቢመስል ይመሰገናል፤ ሰው ያልሆነውን ቢመስል ግን ይነቀፋል።

ሁለተኛው «ጣዖት» የሚለው ነው። ይህ ቃል ወደ ግእዝ የገባው ከአራማይስጥ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያ ፍቺው ስሕተት፥ ከመንገድ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ የተቀረጸውን እንጨት ወይም ድንጋይ አይገልጽም፤ የሚገልጸው በእንጨቱ ፊት የሚሰግደውን ሰው መሳት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ቅዱሳን በሥዕል እንጂ በዙሪያው በተቀረጸ ምስል አለመታየታቸው የተለመደ ሆኖ የኖረው፥ ለዚህ ስሕተት ከነበረው ጥንቃቄ ጋራ የሚስማማ ነው። ብዙ ሽማግሌዎች ዛሬም ቁመቱ ሰው የሚያህል ምስል በሱቅ ደጃፍ ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ የሚሉት ከዚሁ አሮጌ ጥንቃቄ የተነሣ ቢሆን አያስገርምም።

ሦስተኛው «ሐውልት» ነው። ሐውልት በግእዝ በመጀመሪያ የቆመ ምሰሶ፥ የቆመ ድንጋይ ማለት ነው። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላዋ በተመለከተች ጊዜ የጨው ሐውልት ሆነች ሲባል፥ ቀራፂ የሠራው ምስል ሆነች ማለት ሳይሆን ቆማ የቀረች ዓምድ ሆነች ማለት ነው። በአክሱም የቆሙት ታላላቅ ድንጋዮች የሰው መልክ ሳይኖራቸው ሐውልት ይባላሉ። ከእነርሱም አንዱ፥ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ የሆነው፥ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወራሪዎች ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቦታው ቆሟል። ነገር ግን በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ የተቀመጠ የነሐስ ምስልም እንዲሁ ሐውልት ይባላል። ወራሪው ከሥፍራው ያነሣው፥ ከነፃነትም በኋላ የተመለሰው ይህ ምስል፥ ከአክሱሙ ድንጋይ ጋራ የሚተባበረው በመልኩ አይደለም፤ ሁለቱም ለመታሰቢያ መቆማቸው ነው። ስለዚህ ሐውልት የሚለው ስም የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሊታሰብ የሚገባው ሥራ አስቀድሞ መኖሩን ነው።

ይህን አሳብ በእንጨት ቀርጾ የገለጸ ሕዝብ ከቡናው አገር በስተ ምሥራቅ በኮንሶ ይገኛል። የኮንሶ ሰዎች አንድ ጀግና ወይም ታላቅ ሰው በሞተ ጊዜ ዋካ የሚባለውን የእንጨት ምስል ያቆሙለታል፤ በአጠገቡም የሚስቶቹን፥ የገደላቸውን ጠላቶች ወይም አራዊት ምስል አሰልፈው ያቆማሉ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህም ልማድ አብሮ ታውቋል። በዋካ ዘንድ ሥርዐቱ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ሰውየው ይኖራል፥ ይሠራል፥ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ምስሉ ይቆማል። ምስሉ ለኖረው ሕይወት ምስክር ነው እንጂ ላልኖረ ሕይወት ጌጥ አይደለም።

ከመታሰቢያው ወርዶ ወደ ሕፃናት ሜዳ የሚወስደው ስም «አሻንጉሊት» ነው። ሕፃናት ከጭቃ ይሠሩታል፥ ከጨርቅ ይጠቀልሉታል፥ ያዝሉታል፥ ያስተኙታል። አሻንጉሊት ለሕፃን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መሆኑን የሚክድ የለም፤ እናት መሆንን፥ መራራትንና መንከባከብን ሕይወት በሌለው ነገር ላይ ይለማመዳልና። ነገር ግን ይኸው ስም ለዐዋቂ ሰው ሲሰጥ ስድብ ይሆናል። ሌላው እንዳንቀሳቀሰው የሚንቀሳቀስ፥ ሌላው እንደ ነገረው የሚናገር ሰው አሻንጉሊት ይባላል። በፖለቲካም ቋንቋ ስሙ ለመንግሥት ተርፏል። ጃፓን በ1932 እ.ኤ.አ. በማንቹርያ ማንቹኩዎ የተባለውን መንግሥት አቁማ የቀድሞውን የቻይና ንጉሠ ነገሥት ፑዪን በላዩ ባስቀመጠችው ጊዜ፥ ያ መንግሥት በታሪክ ዘንድ አሻንጉሊት መንግሥት ተብሎ የቀረው ዘውድ አጥቶ አልነበረም፤ ያጣው ፈቃዱን ነበር።

የትንሽ ሰው ምስል ነገር ከገበያና ከፖለቲካ ይልቅ ወደ ሰው ገላ የቀረበበትም ሥፍራ አለ። ሰው የባልንጀራውን ዐይን አቅርቦ ቢመለከት በጥቁሩ ውስጥ የራሱን ትንሽ ምስል ያያል። ሮማውያን ይህን አይተው የዐይንን ብሌን ትንሽ ልጃገረድ፥ ትንሽ አሻንጉሊት በሚል ስም ጠሩት። ግእዝም «ብንተ ዐይን» ይለዋል፤ ይህም በሴም ቋንቋዎች ልማድ የዐይን ልጅ እንደ ማለት ነው። ባሕር የለያቸው ሕዝቦች አንድ ነገር አይተው አንድ ስም ማውጣታቸው፥ ሰው በማናቸውም አገር ቢሆን ምስሉን ለማየት ምን ያህል እንደሚጓጓ ያስረዳል። እጅግም የሚያስተምረው፥ ያ ምስል የሚገኘው በሌላው ሰው ዐይን ውስጥ እንጂ በራስ ዐይን አለመሆኑ ነው።

አሁን ከባሕር ማዶ ወደ መጡት ስሞች እንመለስ። ልብስ የሚለካበት የሰው ቅርጽ ጥንታዊ ነገር ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ካርተር በግብፅ አገር ባገኘው በንጉሥ ቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ ክንድና እግር የሌለው፥ ቀለም የተቀባ የእንጨት ምስል ተገኝቷል፤ ካርተርም የንጉሡን ልብስና ጌጥ ለመለካት የሚያገለግል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገምቷል። ማኒኪን የሚለው ስም ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተወለደ ነው። በኔዘርላንድ ቋንቋ «ማን» ሰው ማለት ሲሆን፥ በመጨረሻው ላይ የማሳነሻ ፊደል ሲጨመርበት «ማነከን» ማለትም ትንሽ ሰው ይሆናል። በብሩክሴል ከተማ ውኃ እየሸና የሚታየው፥ በ1619 እ.ኤ.አ. እንዲሠራ የታዘዘው ትንሽ የነሐስ ሕፃን በዚሁ ስም ይታወቃል። ፈረንሳዮች ቃሉን ወስደው ሠዓሊዎች ስለ ሰውነት አቋም ለሚማሩበት፥ መገጣጠሚያው ለሚታጠፍ የእንጨት ምስል ሰጡት፤ ከሠዓሊው ቤትም ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ገባ።

በዚያ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቻርልስ ፍሬድሪክ ወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ በፓሪስ ሲሠራ፥ ልብሱን ለገዢዎች የሚያሳየው ባለቤቱን ማሪ ቬርኔን አልብሶ ነበር። ይህ ልማድ በተስፋፋ ጊዜ ልብስ ለብሰው የሚያሳዩት ሴቶች በእንጨቱ ስም ማኒኪን ተባሉ። ትንሽ ሰው ተብሎ በሰው ስም የተጠራው እንጨት፥ ስሙን መልሶ ለሰው አወረሰ ማለት ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ያንኑ የልብስ ምስል «ደሚ» ሲሉት፥ ሥሩ ድዳ፥ የማይናገር የሚለው ቃል ነው። ፈረንሳዩ ቁመቱን አይቶ፥ እንግሊዙ ዝምታውን አይቶ ሰየመው።

«ሞዴል» የሚለው ስም ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። መነሻው በላቲን ቋንቋ «ሞዱሉስ» ሲሆን ትንሽ መለኪያ ማለት ነው፤ በኢጣልያኖችና በፈረንሳዮች በኩል አልፎ ወደ ዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ገብቷል። አንድ ሐናጺ ቤቱን ከመሥራቱ በፊት አሳንሶ የሚሠራው ቅርጽ ሞዴል ነው፤ ሠዓሊው እያየ የሚሥለው ሰው ሞዴል ነው፤ ልብስ የሚያሳየው ሰው ሞዴል ነው፤ የመኪናም ዓይነት ሞዴል ይባላል። በሁሉም ውስጥ ያለው አሳብ፥ ሌላው ነገር በዚህ ይለካ፥ በዚህ ይመዘን የሚል ነው። እንግዲህ በዐማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ስሟ ሚዛንን በሚያሳስብ ከተማ ውስጥ የዚህ ቃል ፍቺ ቢመረመር ቦታውን የሳተ አይሆንም።

ምርመራው የሚያስፈልገውም ሞዴል የሚለው ቃል በቡናው አገር በልብስ ሱቅ ደጃፍ ብቻ ስላልቀረ ነው። በግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ አዲሱን የአመራረት ዘዴ ተቀብሎ በሥራ ያዋለው ገበሬ «ሞዴል አርሶ አደር» ተብሏል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ 16ቱን የጤና ፓኬጆች ተምሮ በቤቱ የፈጸመ ቤተሰብ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ተመርቋል። እንዲህም ሆኖ በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው በሱቁ ደጃፍ ያለውን ፕላስቲክ ሞዴል ብሎ ካለፈ በኋላ፥ ከቀበሌው የመጣውን ትጉህ ገበሬም በዚያው ስም ይጠራዋል። እስትንፋስ የሌለው ምስልና ላቡን ያፈሰሰ ሰው በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው።

ይህ የስም መደባለቅ ቀላል ነገር አይደለም። በሱቁ ደጃፍ የቆመው ምስል የለበሰው ልብስ የራሱ አይደለም፤ ማታ ይገፈፋል። ልብሱም በልኩ የተሰፋለት አይደለም፤ ነጋዴው ከጀርባው በኩል ሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ስለ ያዘው ነው ከፊት ሲታይ ልክ የሚመስለው። ይህ ለነጋዴው ሥራ ነውር የለበትም፤ ገዢውም ያውቀዋል፥ ልብሱንም በራሱ ገላ ሳይለካ አይገዛም። ይህ ልማድ ወደ ማሳ የተሻገረ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። በመንገድ ዳር ያለው የማሳው ፊት ታርሞና ተኰትኵቶ፥ ወደ ውስጥ ያለው ጀርባው አረም ቢውጠው፤ ጎብኚ በሚመጣበት ሳምንት ብቻ ቡናው በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፥ በሌላው ጊዜ በመሬት ላይ ቢበተን፤ ያ ማሳ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ልብስ ነው። እንዲህ ያለውን ማሳ የሚያይ ጎረቤት ከሱቅ ገዢ ይልቅ ብልህ እንጂ ሞኝ አይደለም። ሁልጊዜ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ጀርባውን ያያል፥ ከዚያም በኋላ እውነተኛውን ምክር እንኳ ለማመን ይቸገራል። ጉዳቱም ይህ ነው፤ አንድ ምስል ብዙ አርአያዎችን ያሳጣል።

ስለዚህ ለሰውየው የሚገባው ስም ሞዴል ሳይሆን «አርአያ» ነው። አርአያ ሥሩ «ርእየ» የሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ፍቺውም አየ ማለት ሲሆን፥ «አርአየ» ሲል አሳየ ማለት ይሆናል። በግእዝ አርአያ መልክንና አምሳልንም ይገልጽ ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረትም ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩ የተነገረው በዚህ ቃል ነው። ዐማርኛ ግን ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ለድንጋይና ለእንጨት አልሰጠውም፤ ሌሎች አይተው ሊከተሉት ለሚገባ ሕያው ሰው ለይቶ አስቀመጠው። ለመምህር፥ ለዳኛ፥ ለወላጅ አርአያ ሁን ይባላል፤ በሱቅ ደጃፍ ለቆመ ፕላስቲክ ግን አርአያ የሚለው አልተገኘም። አንድ ቋንቋ ሕያውንና ግዑዙን የሚለይበትን ስም ከያዘ በኋላ ሁለቱን ወደ ደባለቀ ስም ቢመለስ፥ ሀብቱን ጥሎ መበደር ይሆንበታል።

ከአርአያ አጠገብ ሊቆም የሚገባው ሌላ ስም ደግሞ የግብርና ሠራተኞች ራሳቸው የሚጠቀሙበት «ሠርቶ ማሳያ» የሚለው ነው። ይህ ስም ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን ከሥራ የተገኘ በመሆኑ ኀይሉ በቅደም ተከተሉ ነው፤ መሥራት ይቀድማል፥ ማሳየት ይከተላል። የመጀመሪያው ቃል ቢወድቅ የሚቀረው «ማሳያ» ብቻ ነው፤ ማሳያማ የሱቁም ምስል ነው።

በቡና ነገር ሠርቶ ማሳየት ምን እንደሚጠይቅ የሚዛን፥ የቴፒና የከፋ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ ወጥቶ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይጠበቃል። ያረጀውን ቡና በጉንደላ ለማደስ የወሰነ ገበሬ ደግሞ ዛሬ ፍሬ የሚሰጠውን ግንድ በገዛ እጁ ቈርጦ ለጥቂት ዓመታት ገቢውን ይተዋል፤ ጎረቤቶቹም በዚያ ጊዜ ይታዘቡታል። በለቀማው ወራት ቀዩን ብቻ እየመረጠ፥ ወደ አንዱ እግር ቡና ደጋግሞ እየተመለሰ ይለቅማል፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ጋራ ባንድ ጊዜ መሸምጠጥ ግን ድካሙን ያቀልለታል፥ ጣዕሙን ግን ያበላሻል። ከዚያም ቡናው በአልጋ ላይ ሆኖ እየተገላበጠ ይደርቃል፥ ከጤዛና ከዝናብ ይሸፈናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ተመልካች በሌለበት ሰዓት ነው። ሥራው የሚታወቀውም በስኒ ውስጥ ነው፤ በስኒ ውስጥ ያለ ጣዕም ደግሞ በመርፌ ቁልፍ አይያዝም።

ስም ከሥሩ ሲለይ ምን እንደሚደርስ ይኸው የቡና አገር ሌላ ምሳሌ አለው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጌሻ ተብሎ ከሚጠራው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካማ አገር የቡና ዘር ተወስዶ በኬንያና በታንጋኒካ ተተከለ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኮስታ ሪካ፥ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ደረሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር ካሸነፈ በኋላ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። በጉዞው ላይ ግን የስሙ አጻጻፍ ስለ ተለወጠ፥ በጃፓን አገር ጌይሻ ከሚባሉት በጌጥ ከሚታወቁ የዘፈንና የጭፈራ ሴቶች ስም ጋራ አንድ ሆነ። ዛሬ በውጭ አገር ያንን ቡና ከሚጠጡት ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ በአሳባቸው የሚመጣው የጃፓን ሴት ምስል ነው እንጂ የኢትዮጵያ ጫካ አይደለም። ዘሩ ሳይለወጥ ስሙ ስለ ተሳተ፥ ምስል በአገር ፈንታ ተተካ።

እንዲህ ሲባል ግን ግዑዙ የሰው ምስል ሁሉ የሚናቅ ነው ማለት አይደለም፤ ቦታውን ከያዘ ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። ኦስሙንድ ላርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የሕፃናት መጫወቻ ይሠራ ነበር። ሐኪሞች ትንፋሹ ለቆመ ሰው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትን ለሕዝብ ማስተማር በፈለጉ ጊዜ፥ እርሱ በአሻንጉሊት ሥራ ባገኘው ጥበብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሰው የሚያህል የመለማመጃ ምስል አቀረበ፤ ፊቷም ከሴን ወንዝ ወጣች ከተባለች ስሟ ካልታወቀ ልጃገረድ ፊት ቅጂ የተወሰደ ነበር። ይህች «አን» የተባለች ምስል በዓለም ላይ ስፍር ቍጥር የሌለው ሰው ነፍስ ማዳንን የተማረባት ሆናለች። በዚህ ዘመን ሐኪሞችና አዋላጆች በሚሠለጥኑባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪው ወደ ታማሚው ከመቅረቡ በፊት በእንዲህ ያለ ምስል ላይ እጁን ያለማምዳል፤ የመጀመሪያው ስሕተቱ በፕላስቲክ ላይ ይሁን እንጂ በእናትና በሕፃን ላይ እንዳይሆን። ከጤናና ከግብርና ተማሪዎች ጋራ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት አገር ይህ ቁም ነገር የሚሠወር አይደለም። የመለማመጃው ምስል የተከበረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ነኝ ብሎ አያታልልም፥ ሰውን ለማገልገል ይሰበራል፥ ይጠገናልም።

ስለ ስም ሲነገር ደግሞ ዐማርኛ ብቻውን እንደማይናገር መዘንጋት አይገባም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዐማርኛን የሥራ ቋንቋው ቢያደርግም፥ በውስጡ ቤንችኛ፥ ሸክኛ፥ ከፍኛ፥ ሸኮኛ፥ ምኢንኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። በቤንች ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻውን የቃልን ፍቺ ይለውጣል፤ አምስት የተለያዩ የድምፅ ደረጃዎች ያሉት በመሆኑም በዓለም ከሚገኙት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕፃን ከጭቃ የሚሠራውን ምስል፥ ወፍና ዝንጀሮ ለማባረር በማሳ መካከል የሚቆመውን ማስፈራሪያ፥ ሌሎች የሚከተሉትን ምስጉን ሰው እነዚህ ሕዝቦች በየቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው። መምህራንና ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ጠይቀው በመዝገብ ቢያኖሩት፥ ለልማት ሥራም የሚሆን ስም ከውጭ ከመዋስ በፊት በቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ገበሬው በእናቱ ቋንቋ አርአያ ከተባለ፥ ምን እንደሚጠበቅበት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እንግዲህ ነገሩን በሚዛን አስቀምጦ መፍረድ ይቻላል። ነጋዴው በሱቁ ደጃፍ ያቆመውን አሻንጉሊት ቢለው ወይም ማኒኪን ቢለው ማንንም አይጎዳም፤ ትንሽ ሰው መባል ለፕላስቲክ ከበቂ በላይ ክብር ነው። ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ የሚቆመው ሐውልት ይባል፤ ሥራ ያልቀደመው ሐውልት ግን ድንጋይ ብቻ መሆኑ ይታወቅ። ሐናጺውና መሐንዲሱ ለሚለኩበት ነገር ሞዴል ቢሉ ቃሉ በገዛ ቤቱ ነው። በቡናው ጥላ ሥር ጎንበስ ብሎ ለሚውለው፥ ቀዩን ከአረንጓዴው ለሚለየው፥ ያረጀውን ጎንድሎ አዲሱን ለሚጠብቀው ገበሬ ግን፥ ልጆቿን በንጽሕና ለምታሳድገውም እናት፥ የተጠበቀላቸው ስም አርአያ ነው። ይህን ስም የሚሰጡ ሹማምንትና የልማት ሠራተኞች ከመስጠታቸው አስቀድመው የማሳውን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ዞረው ቢያዩ፥ ስሙ ይከብራል፥ ተቀባዩም ይኰራበታል፥ ጎረቤቱም ይከተለዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፥ ለሕያው ሰው የግዑዝ ስም አይሰጥ።